ያለ ዕድሜው የሚያልቅ የነዳጅ ቱቦ፦ በጣና ዙሪያ የእርሻ ሜካናይዜሽን ትኩረት ያላገኘው ክፍተት

በጣና ሐይቅ ዙሪያ በሚገኙ ሜዳማ አካባቢዎች የእርሻ ጊዜን የሚወስነው የመሬቱ እርጥበት ነው። በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች በስፋት የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር ደርቆ ሳለ ይጠነክራል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ውኃ ቋጥሮ ከባድ ማሽን አላስገባም ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ለእርሻ ምቹ የሆነ ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ትራክተር ለሦስት ቀናት ቢቆም ኪሳራው የሦስት ቀን ኪራይ ብቻ አይሆንም። ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አርሶ አደሮች ማሳቸው ሳይታረስ ዝናቡ ይቀድማቸዋል።

ትራክተርን ከሥራ የሚያስቆመው ብልሽት ሁልጊዜ ከባድ ላይሆን ይችላል። ናፍጣን ከታንከር ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ነዳጅ ፓምፕ የሚያደርሰው፣ መካኒኮች «የናፍጣ ጎማ» የሚሉት ተጣጣፊ ቱቦ ከትራክተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁንና ይህ ቱቦ ሲሰነጠቅ ሞተሩ ይዳከማል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶም አይነሣም። ቱቦው ያለ ዕድሜው የሚያልቅባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው የሚታወቁና መከላከል የሚቻሉ በመሆናቸው ጉዳዩ የጥገና ባለሙያዎች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱ ይታወሳል። ውሳኔው በግል ባለሀብቶች፣ በማኅበራትና በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች እጅ የሚገኙ ማሽኖችን ለማበራከት ያለመ ነው። በሌላ በኩል የመስኖ ልማት መስፋፋት የትራክተሮችን የሥራ ጊዜ አራዝሟል። 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ የተገነባውን የቆጋ መስኖ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚሰራ ትራክተር ክረምት ከበጋ በሥራ ላይ ይውላል። ባለቤቱ ግን የመለዋወጫ መቀየሪያ ጊዜን የሚያሰላው በቀድሞው፣ በአንድ ወቅት እርሻ ልማድ ከሆነ ቱቦው ከታሰበለት ጊዜ አስቀድሞ ማርጀቱ አይቀርም።

ለናፍጣ አገልግሎት የሚውሉ ቱቦዎች የውስጥ ክፍል በአብዛኛው የሚሠራው ናይትሪል ከተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ናይትሪል ዘይትንና ናፍጣን የሚቋቋም ቢሆንም ሙቀት፣ የፀሐይ ጨረርና በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦዞን ያደርቁታል፤ ከዚያም ይሰነጥቁታል። በኬሚስትሪ ዘንድ በሚሠራበት ግምታዊ ስሌት የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የጎማ የእርጅና ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከማርሚታው አጠገብ እንዲያልፍ የተደረገ ቱቦ ከሞተሩ ራቅ ብሎ ከታሰረው ቱቦ ቀድሞ ይበላሻል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መጠለያ በሌለው ግቢ ዓመቱን ሙሉ የሚያድር ትራክተር በማይሠራባቸው ወራትም ቱቦው ማርጀቱን አያቆምም።

ሁለተኛው ምክንያት ነዳጁ ራሱ ነው። አሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. በናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደውን የሰልፈር መጠን በቀነሰች ጊዜ በበርካታ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ ፓምፕ ላይ መንጠባጠብ ታይቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ በቀድሞው ናፍጣ አብጠው የቆዩ የናይትሪል ማሸጊያዎች፣ የኬሚካል ይዘቱ የተለወጠው አዲስ ነዳጅ ሲገባ በመኮማተራቸው ነበር ችግሩ የተፈጠረው። ጎማና ነዳጅ የሚጣጣሙት አንዱ ለሌላው ታስቦ ሲዘጋጅ እንደሆነ ክስተቱ ያስረዳል። ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ ከውጭ የምታስገባ እንደመሆኗ የነዳጁ ይዘት ሲለወጥ መረጃው መለዋወጫ አስመጪዎችና ጥገና ባለሙያዎች ዘንድ ሊደርስ ይገባል።

በዚህ ረገድ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ መታረም ይኖርበታል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኢታኖል ድብልቅ ቤንዚንን እንጂ ናፍጣን የሚመለከት አልነበረም፤ በናፍጣ ለሚሠራ ትራክተር ቱቦ መበላሸት በምክንያትነት ሊጠቀስ አይችልም። ትኩረት የሚያሻው ከማደያ ውጭ በጀሪካን ተገዝቶ የሚቀዳው ናፍጣ ነው። ምንጩ ባልታወቀ ነዳጅ ውስጥ ውኃ፣ አቧራ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሊቀላቀል ይችላል። ውኃና ቆሻሻ ፊልትሮውን ሲደፍኑ ፓምፑ ናፍጣውን የሚስበው ከወትሮው በበለጠ ኃይል ነው፤ ያረጀና የለሰለሰ ቱቦም በዚህ ጊዜ ወደ ውስጥ ይጣበቃል። ከዚህም በላይ የናፍጣ ፓምፕ የውስጥ ክፍሎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው በመሆኑ፣ ኬሮሲን የተቀላቀለበት ነዳጅ ከቱቦው ይልቅ ውድ የሆነውን ፓምፕ ይጎዳል።

ሦስተኛው ምክንያት በችኮላ የሚደረግ ጥገና ነው። እርሻ በደረሰ ሰሞን ትክክለኛው ቱቦ በቅርብ ካልተገኘ ለውኃ የተሠራ የፕላስቲክ ቱቦ ተቆርጦ ይገጠማል። እንዲህ ያለው ቱቦ ናፍጣ ሲነካው ውሎ አድሮ ይደርቃል፤ በሞተሩ ሙቀት ይለሰልስና ከተገጠመበት ይወጣል። አንዳንዴም ቱቦው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ፋሸታው ከመጠን በላይ ጠብቆ ይቆርጠዋል፤ ወይም በፋሸታ ፈንታ ሽቦ ይታሰርበታል። የተበላሸው ቱቦ ተጠግኗል ቢባልም የሚቀጥለው ብልሽት ቀን ተቆርጦለታል።

የችግሩን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ምልክቱ አሳሳች መሆኑ ነው። ከፓምፑ በፊት ያለው መስመር ናፍጣ የሚያስተላልፈው በመሳብ በመሆኑ ቀጭን ስንጥቅ ሲፈጠር ናፍጣ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ በምትኩ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ጠዋት በቀላሉ አይነሣም፣ ሽቅብ ሲጎትት ይዳከማል። መሬት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ያላየ ባለቤት ጥፋቱን በፓምፑ ላይ ይጥላል። ትራክተር ገዝቶ ለኪራይ ያሰማራ አንድ የባሕር ዳር ሹም አቦ ነዋሪ በዚህ ምክንያት ፓምፑን አስፈትቶ ለጥገና ቢልክ ለማያስፈልግ ሥራ ይከፍላል፤ የእርሻ ወቅቱም ያመልጠዋል። አየሩ በየት እንደገባ ሳይፈተሽ ፓምፕ መፍታት ሊወገድ የሚገባው አሠራር ነው። ናፍጣው በሚንጠባጠብበት ወገን ደግሞ በጋለ ማርሚታ አጠገብ የእሳት አደጋ አለ።

መፍትሔው ከግዢ ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለናፍጣ ሞተር የጎማ ቱቦዎች አይኤስኦ 19013 በተሰኘው ደረጃ የመጀመሪያ ክፍል መስፈርት አውጥቷል። ደረጃውን የጠበቀ ቱቦ በላዩ ላይ የአምራቹ ስም፣ የሚያገለግልበት ነዳጅና የተመረተበት ጊዜ ይታተምበታል። የምርት ጊዜው ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ጎማ ውጤቶች አቀማመጥ የሚደነግገው አይኤስኦ 2230 ለናይትሪል የሚሰጠው የመጀመሪያ የክምችት ዘመን 7 ዓመት ነው፤ ያውም ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ሙቀትና ከብርሃን ተጠብቆ ሲቀመጥ ነው። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተንጠልጥሎ የከረመ ቱቦ ገና ሳይገጠም አርጅቷል።

ባለቤቶችና አሽከርካሪዎች በበኩላቸው ቱቦውን በየ100 የሥራ ሰዓቱ መመልከት ይጠበቅባቸዋል። ጎንበስ ሲደረግ ስንጥቅ የሚያሳይ፣ ሲጫኑት እንደ እንጨት የደረቀ ወይም ያበጠና የለሰለሰ ቱቦ ወዲያውኑ መለወጥ አለበት። አንዳንድ የትራክተር አምራቾች ጉድለት ባይታይበትም እንኳ በየ2 ወይም በየ4 ዓመቱ እንዲቀየር በመመሪያቸው ያሳስባሉ። ቅያሬው መከናወን ያለበት ደግሞ እርሻ ከመድረሱ በፊት ነው፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ።

የተቋማት ድርሻም ከዚህ ያነሰ አይደለም። ትራክተር የሚያስመጣ ድርጅት ከማሽኑ ጋር ቶሎ የሚያልቁ መለዋወጫዎችን እንዲያቀርብ፣ ለአሽከርካሪዎችም በአማርኛ የተዘጋጀ የጥገና መመሪያ እንዲሰጥ በግዢ ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ዩኒየኖች ለአባሎቻቸው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚያቀርቡት ሁሉ የነዳጅ ቱቦ፣ ፋሸታና ፊልትሮ ከእርሻ ወቅት በፊት በመጋዘናቸው ቢይዙ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። ለሥልጠናም ባሕር ዳር የቆየ መሠረት አላት። በ1955 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የከተማዋ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከጅምሩ የግብርና መካኒክ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፤ ዛሬም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ቀጥሏል። ይህን ልምድ በየወረዳው ለሚሠሩ መካኒኮች በአጫጭር ሥልጠና ማድረስ ይቻላል።

የሜካናይዜሽን ስኬት እስካሁን በአብዛኛው የሚነገረው ወደ አገር በገቡ ማሽኖች ብዛት ነው። ለአርሶ አደሩ የሚጠቅመው መለኪያ ግን ትራክተሩ በእርሻ ወቅት ስንት ሰዓት ሳይቆም ሠራ የሚለው ነው። ያንን ሰዓት ለመጠበቅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል የነዳጅ ቱቦ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ለቁጥጥርም ቀላል የሆነው ነው። ከዚህ መጀመር ለባለቤቱም ለአርሶ አደሩም ፈጣን ጥቅም ያስገኛል።