የጥፍር ሠሪ ሙያ በሞረዱ ይታወቃል

በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች አርቴፊሻል ጥፍር መሥራት ዛሬ ራሱን የቻለ እንጀራ ሆኗል። ገበያው በሰፋ መጠን ግን፥ ደንበኛን በፍጥነት ሠርቶ መሸኘትን ዋና የንግድ ብልሃት አድርገው የሚቈጥሩ አልታጡም። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም የሚገባው ነው። ደንበኛዪቱ ገንዘቧን የምትከፍለው ለአክሪሊኩ ወይም ለጄሉ ብቻ አይደለም፤ ጥፍሯ ከጣቷ ጋር አብሮ የተፈጠረ መስሎ እንዲታይላት ነው። ይህም የሚገኘው በመጨረሻው ሥራ፥ ማለት በመሞረድና በማለስለስ ነው።

«ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፥ የሥራው ፍሬ በሞረዱ አያያዝ ላይ ነው። ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ ሁለቱን ጐኖች ከጣቱ መስመር ጋር ያቀናል፤ ቀጥሎ ጫፉን ይቀርጻል፤ ከዚያም የላዩን ገጽ ያስተካክላል። ውፍረቱ ከጥፍሩ መካከል ከፍ ብሎ፥ ወደ ቆዳውና ወደ ጫፉ እየሳሳ መውረድ አለበት። በሁሉም ስፍራ እኩል የወፈረ ጥፍር ከላይ የተደፋ ክዳን ይመስላል፤ መካከሉ የሳሳ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል። ሞረድም በቍጥሩ ይለያል፤ ቍጥሩ ሲያንስ ሻካራ፥ ሲበዛ ልስልስ ነው። በ100 ቅርጽ ያስያዘ ባለሙያ ጭረቱን በ180፥ ቀጥሎም በ240 ሳያጠፋ ቀለም ቢቀባ፥ ቀለሙ ጕድለቱን ይገልጠዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ከዚህ የሚከፋው ጥፋት ሻካራው ሞረድ በተፈጥሮው ጥፍር ላይ ሲያርፍ የሚደርሰው ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፥ በአንድ ሰዓት ችኰላ የሳሳ ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። የጨርቅ ነጋዴ የተበላሸውን ለውጦ ይሰጣል፤ ጥፍር ሠሪ ግን ለውጦ የሚሰጠው ጥፍር የለውም። ከሞረዱ የሚነሣው ብናኝም ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያጐነበሰውን ባለሙያ ይጐዳል፤ ስለዚህ ብናኝ መሳቢያና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ከሥራው ዕቃዎች ተለይተው መታየት የለባቸውም።

በእርግጥ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ጊዜ ይፈልጋል፥ ዋጋም ይጨምራል የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አርቴፊሻል ጥፍር በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ መሞላት የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፥ የንግዱ ትርፍ ያለው ከመጀመሪያው ክፍያ ይልቅ በደንበኛዪቱ መመላለስ ላይ ነው። ጥፍሯ ተጐድቶ የወጣች ደግሞ አትመለስም፤ ለጓደኞቿም ሳትናገር አትቀርም።

ስለዚህ የሳሎን ባለቤቶች የባለሙያን ብርታት በቀን በተሠሩ እጆች ብዛት መመዘንን ትተው፥ ለማለስለሱ ሥራ በቂ ጊዜ ቢሰጡና ዋጋውንም በግልጽ ቢያስታውቁ ይበጃቸዋል። ገዢ ለምን እንደሚከፍል ሲያውቅ፥ ለጥሩ ሥራ መክፈል አይከብደውም።