የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚመዘነው በተጠቃሚው እጅ ነው

በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ ከኋለኞቹ ጥርሶች ሥር፣ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ዘግይቶ የሚበቅለውና ብዙ ጊዜ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀረው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ሐኪሙ ከዚህ ነርቭ አጠገብ ይሠራል። ነርቩ ከተጎዳ የታማሚው ከንፈር ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዕድሜ ልክ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ አዲስ የአፍ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ በቀረበ ቁጥር፣ «ምን ያህል ዘመናዊ ነው?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «የሚይዘው ሰው ሳይሳሳት ሊሠራበት ይችላል ወይ?» የሚለው ሊመለስ ይገባል።

ፒየዞ በመባል የሚታወቀው የአጥንት መቁረጫ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ጣሊያናዊው ቶማዞ ቬርቼሎቲ ለአፍ ቀዶ ሕክምና ያበቁት ይህ መሣሪያ የሚቆርጠው በመሽከርከር ሳይሆን በንዝረት ነው። ጫፉ በሰከንድ ከ25 እስከ 30 ሺህ ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ በዚህም ጠንካራው አጥንት ሲቆረጥ ለስላሳው አካል በአብዛኛው ከጉዳት ይተርፋል። ከተለመደው መቦርቦሪያ ይልቅ ሥራው ዘገም ማለቱ እውነት ነው። ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የእጅ ልማድ ነው። በመቦርቦሪያ ለዓመታት የሠራ ሐኪም አጥንቱ አልቆረጥ ሲለው ጫን ማለት ይቀናዋል። ፒየዞ ደግሞ አብዝተው ሲጫኑት ንዝረቱ ይዳከማል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። አጥንት በ47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት አንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ ሊጎዳ እንደሚችል ይታወቃል። ጉዳትን ለመቀነስ የተሠራው መሣሪያ ባልተለማመደ እጅ ውስጥ ሌላ ጉዳት ያመጣል ማለት ነው። ይህን የሚገልጠው የሻጩ መግለጫ ሳይሆን ተጠቃሚውን በሥራው ላይ መታዘብ ነው።

አይሶ 9241-11 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለአጠቃቀም አመቺነትን በሦስት ነገሮች ይመዝናል፦ ሥራው በትክክል መከናወኑ፣ የሚጠይቀው ጊዜና ድካም፣ የተጠቃሚውም እርካታ። ከሦስቱ በቀላሉ የሚገኘው የመጨረሻው ነው፤ መጠይቅ ማስሞላት ብቻ ይበቃዋልና። ይሁን እንጂ «ወድጄዋለሁ» ብሎ የፈረመ ሐኪም በሙከራው መካከል መሣሪያው ሁለት ጊዜ አዳልጦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው በመጀመሪያ በሰው ሠራሽ መንጋጋ ላይ ተደርጎ፣ ስሕተቶቹና ለጥቂት የተረፉት አደጋዎች ሁሉ ከሻጩ ነጻ በሆኑ ታዛቢዎች ሊመዘገቡ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ በመጨረሻው ፍተሻ ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ወገን ቢያንስ 15 ሰዎች እንዲሳተፉ ይመክራል።

«የተጠቃሚ ወገን» የሚለው ቃል ሰፋ ተደርጎ መታየት አለበት። ለሰፊ መዳፍ የተቀረጸ እጀታ ትንሽ እጅ ያላትን ሐኪም ያደክማል። በቀኝ እጅ ብቻ የተሞከረ መሣሪያ ግራኙን ያስቸግራል። በደረቅ እጅ የተመቸ እጀታ ጓንት በደምና በምራቅ ሲርስ ያሟልጫል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መሣሪያውን ፈትታ የምታጥበውና በ134 ዲግሪ እንፋሎት እንዲመክን የምታዘጋጀው ባለሙያም ተጠቃሚ ናት፤ እርሷ ልትደርስበት ያልቻለች ስንጥቅ ለቀጣዩ ታማሚ የበሽታ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል።

ይህ አስተሳሰብ ለእስላማዊው የሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ የኖሩት አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው ባለ 30 ክፍል ሥራቸው መጨረሻ ላይ ወደ 200 የሚጠጉ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል አቅርበዋል፤ የጥርስ መፋቂያዎችና መንቀያ ጉጠቶችም ከእነዚህ መካከል ናቸው። መሣሪያዎቹን ስመው ብቻ አላለፉም፤ ቅርጻቸውን ከአሠራራቸው ጋር አያይዘው አስረድተዋል።

መሣሪያ የሚገዙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ከዋጋና ከዋስትና ጋር ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፦ መሣሪያው በማን እጅ ተፈተነ? ምን ስሕተት ታየ? ስሕተቱስ በምን ታረመ? መልስ የሌለው ሻጭ ፍተሻውን ለታማሚው መንጋጋ አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው። በሕክምናው ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ግን የመጣው ሊታከም እንጂ መሞከሪያ ሊሆን አይደለም።