ከመጠምጠም መማር ይቅደም

አመራር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚያዝ ሰው ነው። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ግን ከማዘዝ በፊት መጠየቅ የሚያውቅ አለቃ ያስፈልጋል። ለዚህ የኮዳክ ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ፣ ስቲቨን ሳሶን የተባለ የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ ያለ ፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሳ ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ገደማ ነበር፤ አንዱን ፎቶ በካሴት ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ለአለቆቹ አሳያቸው። የኩባንያው ገቢ ግን ከፊልም፣ ከማጠቢያ ኬሚካልና ከወረቀት ስለነበረ ለገበያ ለማውጣት አልቸኮሉም። በኋላ ዲጂታል ካሜራ መሸጥ ቢጀምሩም ጊዜው ቀደማቸው። በ2012 ኩባንያው በኪሣራ ሕግ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ፊልም ያተርፍ ነበርና። ያሰናከላቸው ትናንት ያዋጣው ነገም ያዋጣል ማለታቸው ነው። ዕውቀቱ እኮ እቤታቸው ነበር! የጠፋው ሰሚ ነው።

ዛሬም ስለ ኮምፒዩተርና ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሠራተኛው ከአለቃው በላይ ሊያውቅ ይችላል። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ አለማወቅን በሥልጣን መሸፈን ነው። በአንጻሩ ዘመናዊ ለመባል ብቻ ያገኙትን መሣሪያ መግዛትም አመራር አይደለም።

እኛስ ብንሆን? ነገ ክፍል ስንገባ፣ አንዳንዶቻችንም ርዕሰ መምህር ስንሆን፣ ተማሪው እኛ የማናውቀውን ይዞ ይመጣል። «ዝም ብለህ ተቀመጥ!» ነው የምንለው ወይስ «እስቲ አሳየኝ»? ጥያቄው ለእጩ መምህራን ብቻ አይደለም፤ አስተማሪዎቻችንንም ይመለከታል።