የካሳ ብር ዕድሜ

ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ያለ ነባር ግቢ መኖሪያ ብቻ አይደለም። ከፊት ሱቅ ወይም ጀበና ቡና አለ። ከኋላ በተርታ የቆሙ ሰርቪስ ቤቶች ለተማሪና ለሠራተኛ ይከራያሉ። ባለቤቶቹ መሃል ላይ ይኖራሉ። ግቢው በየወሩ የምትታለብ ላም ነው። ለልማት ሲፈርስ ግን ዋናው ግምት የሚሠራው ለላሚቱ ሥጋ ነው፤ ወተቱ ብዙም አይቆጠርም።

የካሳ ብር ሲያልቅ ፍርዱ ፈጣን ነው። «አያያዝ አያውቁም፤ በባጃጅ ጨረሱት፣ በሠርግ ጨረሱት፣ ለዘመድ በተኑት» ይባላል። አባካኝ የለም አልልም። ብዙውን ብር የሚበላው ግን ባለቤቱ ሳይሆን ካሳው ከተከፈለበት ዕለት እስከ አዲሱ ቤት ጣሪያ ድረስ ያለው ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ከሕጉ ይጀምራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የዜጋው ንብረት በላዩ የሠራው ቤት ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ግምት የእንጨቱ፣ የጭቃውና የቆርቆሮው ነው። ገዢና ተከራይ ይጠራ የነበረው መንገድ ዳርነቱ ግን ግምት ውስጥ አይገባም። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የተሻለ መሆኑን መካድ አይቻልም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚያገኘው የቤት ኪራይ ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት ዓመት አድጓል። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ተፈቅዷል። ይዞታውን ለዘለቄታው የሚያጣ ገበሬ ድሮ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛለት ነበር፤ አሁን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው በ15 ይባዛል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ግን ይሠራ የነበረው አሮጌው ስሌት ነው። ሕጉ የተሻሻለው ለፓርኩ የተነሡት ሰዎች ከተነሡ በኋላ ነው።

እንግዲህ ብሩ ባንክ ገባ እንበል። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ፌሮም ቆርቆሮም የሚሠሩበት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ነው። አዲሱን ቤት የሚሠራበትን ምትክ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልቀነሰም፤ ቤቱ ግን ከሦስት ክፍል ወደ ሁለት ወርዷል።

ይህን ብዙ አባወራና እማወራ ያለ ባለሙያ ምክር ያውቁታል። ስለዚህ ብሩን ወደ ዕቃ ይለውጣሉ፤ ፌሮና ቆርቆሮ ገዝተው ዘመድ ግቢ ያስቀምጣሉ። ሲሚንቶ ግን አይጠብቅም፤ እርጥበት ካገኘው በከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ሌሎች ዋናውን ቤት ትተው በመጀመሪያ ሰርቪስ ይሠራሉ፤ በአንዱ ክፍል ይኖራሉ፣ ሌላውን ያከራያሉ። ለእኔ ከሁሉም ብልሁ ይህ ነው፤ የተቋረጠውን ወተት መልሶ ለማግኘት ይሞክራልና። የሚከሽፈው ምትክ ቦታው ከከተማ ጫፍ ሆኖ ውኃና መብራት ሲዘገይ ነው። ባጃጅ የማይደርስበት ሰፈር ተከራይ አይመጣም።

ስለ ባጃጅ ካነሣን፣ የምስማማበት ወቀሳ እዚህ አለ። በአንድ ሰሞን ካሳ የተቀበሉ ቤተሰቦች ሁሉ ባጃጅ ሲገዙ ተሳፋሪው አይጨምርም፤ ያው ተሳፋሪ ለብዙ ሰው ይካፈላል። ለዘመድ ማበደርን ግን ብክነት ለማለት እቸገራለሁ። እድሩና እቁቡ የተበተነበት ሰው ነገ የሚደርስለት ወገን ያስፈልገዋል፤ ብድሩ የመድን ክፍያ ነው። ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ሒሳቡ የተከፈተው በማን ስም ነው? ጀበናዋን ጥዳ ቤቱን ያቆመችው እናት ፊርማዋ ከሌለበት፣ ብሩ የወጣበትን የምትሰማው ከወጣ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ መልኩ ይለያል። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ብዙዎቹ ተነሺዎች የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነበሩ፤ እነሱ የሚያገኙት ምትክ ቤት እንጂ ለባለ ይዞታ የሚከፈለው የቤት ካሳ አይደለም። የሚባክን ብር የላቸውም፤ የሐዋሳው ባለ ግቢ ግን ብሩን ከነጥድፊያው ይረከባል።

ተነሺዎችን ሰብስቦ ስለ ቁጠባ ማስተማር ክፋት የለውም። የማያባክን ሰው ብር በመጠበቅ ብቻ እንደሚያልቅ ግን ሥልጠናው አይነግረውም። ለከተማው አስተዳደር ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ካሳው ሒሳብ ውስጥ በሚገባበት ቀን ምትክ ቦታው ተለክቶ፣ ችካሉ ተተክሎ፣ የግንባታ ፈቃዱ አብሮ ይሰጥ።