ሆድ ይፍጀው የሚል ፕሮግራም

ሰዎች አንድን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲያመሰግኑ ብዙ ጊዜ የምሰማው «ዝም ብሎ ይሠራል» ሲሉ ነው። በክበባችን ውስጥም ይህን ሐሳብ አጥብቆ የሚይዝ አንድ ጓደኛ አለኝ። እርሱ እንደሚለው ጥሩ ፕሮግራም እንደ ጨዋ አሽከር ነው፤ ሥራውን ይሠራል እንጂ ጌታውን በወሬ አያሰለችም። እኔ በበኩሌ ይህን ሐሳብ ከተቃወምሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክርክሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ለአንባቢያን ላቀርበው ወደድሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በአገራችን ዝምታ የተከበረ ነገር ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልን አድገናል። የተበደለም ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነገሩን ውጦ ያድራል። ይህ ለሰው ትዕግሥት ይባል ይሆናል፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ለመሣሪያ ግን ከዚህ የከፋ ጠባይ የለም። መሣሪያ ሆድ ይፍጀው ሲል የሚፈጀው የራሱን ሆድ አይደለምና።

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የዚህን ነገር ተቃራኒ ኦብዘርቫቢሊቲ ብለው ይጠሩታል። ቃሉን ለመሣሪያ ቁጥጥር ትምህርት በሒሳብ የወሰነው ሩዶልፍ ካልማን የተባለ በሀንጋሪ የተወለደ ሊቅ ነው፤ ጊዜውም 1952 ዓ.ም. ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው። የአንድ ነገር ውስጡ ተዘግቶ ሳለ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ምልክት ብቻ በማየት የውስጡን ሁኔታ ማወቅ ይቻላልን? ሒሳቡ ለእኛ ክፍል ከባድ ነው፤ ነገሩን ግን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎውን በየጊዜው እየከፈተች አታይም። በዳር በኩል የሚወጣውን እንፋሎት አይታ እንጀራው መብሰሉን ትረዳለች። እንፋሎት የማያወጣ አክንባሎ ቢሠራላት «ምንኛ ጨዋ አክንባሎ ነው» ብላ የምታመሰግን አይመስለኝም።

ከዚሁ ከትምህርት ቤታችን አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ። የቤተ መጻሕፍታችን የውሰት መዝገብ ከእኛ በፊት በነበሩ ተማሪዎች የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ለአንዳንድ ተማሪ መጽሐፍ ሲከለክል «አይቻልም» ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ እትዬ አንድ ቀን ጠሩንና «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር የማያምነው እኔን ነው ወይስ ልጁን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው አስቆን ነበር፤ ኋላ ግን ሳስበው ከዚህ የተሻለ የምህንድስና ጥያቄ በዓመቱ ውስጥ አልሰማሁም። ፕሮግራሙ ምክንያቱን በሆዱ ይዟል፤ ተማሪው ሁለት መጽሐፍ እንዳልመለሰ ያውቃል፤ ከተማሪው ጋር የሚነጋገሩት ግን እርሳቸው ናቸው። አሁን ምክንያቱን በአማርኛ ይጽፍላቸዋል። የተጨመረው ሥራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር።

በቤተ መጻሕፍት የሚጠፋው መጽሐፍ ነው። ሰው የጠፋበትን ጉዳይ ደግሞ እዚህ አገር ያለን ሁሉ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ከጃካርታ እንደ ተነሣ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ የሚባለው አዲስ ዓይነት ነበሩ።

የዚህ አውሮፕላን ሞተሮች ከቀድሞዎቹ ስለሚበልጡ ወደ ፊትና ወደ ላይ ከፍ ተደርገው ተሰቀሉ። በዚህም የተነሣ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ባለ ጊዜ፣ ይበልጡን ቀና የማለት ዝንባሌ አመጣ። ይህን ለማረም ኤምካስ የተባለ ፕሮግራም ተጨመረ። ሥራው አፍንጫው ቀና ማለቱን ሲያይ በጅራት ያለውን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። «ሲያይ» ያልሁትን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። አውሮፕላኑ ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች በግራና በቀኝ አሉት። ፕሮግራሙ ግን በአንድ በረራ የሚያምነው አንደኛውን ብቻ ነበር። በ302 በረራ ላይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲል፣ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ይል ነበር። ሰው ጭኖ የተነሣ አውሮፕላን በ74.5 ዲግሪ ሊበር እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ግን የግራውን አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ገፋ፤ አብራሪዎቹ ሲያቃኑት ጥቂት ቆይቶ እንደገና ገፋ።

እነዚህን ቁጥሮች እንዴት ዐወቅናቸው? ከጥቁሩ ሣጥን ነው (ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ቀለሙ ብርቱካንማ ነው)። ሣጥኑ ከስብርባሪው መካከል ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ፈረንሣይ አገር ተልኮ ተነበበ። የግራውና የቀኙ ቁጥር ጎን ለጎን ተመዝግበው ተገኙ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ አዘንሁ፤ የተናደድሁትም በዚሁ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አውሮፕላን ውስጥ፣ በአንድ መዝገብ ላይ፣ በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ ሲጻፉ ነበር። ለሟቾች መርማሪ ሁሉም ተነገረ፤ በሕይወት ሳሉ መሪውን ጨብጠው ለነበሩት ግን «ሁለቱ ሴንሰሮቼ አልተስማሙም» የሚል አንድ መስመር መድረስ ነበረበት። የጥቁሩን ሣጥን ሐሳብ ያመጣው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋረን በ1946 ዓ.ም. ገደማ የኮሜት አውሮፕላኖች ለምን እንደሚወድቁ ሲመረምር ነበር፤ ሥራውም ብዙ ነፍስ አድኗል። እኔ የምነቅፈው ሣጥኑን አይደለም። መዝገብ ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ ሰው ብቻ መጻፍ በቂ ነው የሚለውን አሳብ ነው።

አንባቢ «እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ማንም አላሰበበትም ወይ?» ይል ይሆናል። ታስቦበታል። በዲዛይኑ ውስጥ ነበረ። ዳሩ ግን በፕሮግራሙ አሠራር ስሕተት ምክንያት፣ ማስጠንቀቂያው የሚበራው ገዥው በተጨማሪ የሚያዘውን ሌላ መለኪያ በገዛባቸው አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ሆነ፤ በአብዛኛዎቹ ላይ አይሠራም ነበር። አምራቹ አውሮፕላኑን ለገዥዎች ማስረከብ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ደርሶበታል። ነገር ግን ደኅንነትን የሚነካ አይደለም ብሎ ለሚመጣው የፕሮግራም ማሻሻያ አቆየው። ለአየር መንገዶቹ የነገራቸው ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ነው። ኤምካስ የሚባል ፕሮግራም ስለ መኖሩም ቢሆን እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ አልተብራራም ነበር።

በዚህ ላይ ጓደኛዬ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። በ302 በረራ ላይ እኮ መሣሪያው ዝም አላለም ይላል። እውነት ነው፤ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቹ የግራና የቀኝ ንባብ ተለያይቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያዎቹም ተደራርበው ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከአደጋዎቹ በኋላ ከተቸው ነገር አንዱ፣ አምራቹ ሲገምት ይህን ሁሉ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ የሚቀበል አብራሪ ምን እንደሚያደርግ አላጤነም የሚል ነው። እንግዲህ ጩኸት ንግግር አይደለም። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ቤቱ ይቃጠል ወይም ሙሽራ ይግባ አይታወቅም። ሌላም ነገር አልሸሽግም። በ2015 ዓ.ም. የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት ሲወጣ፣ የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አያያዝ በበቂ አልተመረመረም ብለው አስተያየታቸውን ለብቻ አውጥተዋል። ይህን ለባለሙያዎች እተወዋለሁ። እኔ የምለው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርድ ዘንድ የተጠየቀ ሰው ቢያንስ የሚፈርድበት ማስረጃ ሊቀርብለት ይገባ ነበር ነው።

ለመልካሙ ምሳሌ ሩቅ እንሄዳለን፤ እስከ ጨረቃ። በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. የአፖሎ 11 ተጓዦች ወደ ጨረቃ ሲወርዱ ኮምፒዩተራቸው 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳየ። ትርጉሙ «ሥራ በዝቶብኛል» ማለት ነው። ፕሮግራሙን ማርጋሬት ሃሚልተን የምትመራው ቡድን በኤም አይ ቲ የሠራው ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛበት እምብዛም የማያስፈልገውን ትቶ ለማረፍ የሚያስፈልገውን እንዲቀጥል ሆኖ የተጻፈ ነበር። ነገር ግን መጻፉ ብቻ አልበቃም፤ መናገሩ ነው ያዳነው። በምድር ላይ ደግሞ ጃክ ጋርማን የተባለ የ24 ዓመት መሐንዲስ የቁጥሮቹን ሁሉ ትርጉምና መልስ በእጁ የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ወረቀቱን አይቶ «ይቀጥሉ» ለማለት ሰኮንዶች ብቻ ፈጁበት።

ስለ ወረቀቱ አመጣጥ ጥቂት ልቆይ፤ እኔ አመራር የምለው እርሱን ስለ ሆነ። ከጉዞው ጥቂት ቀን በፊት በተደረገ ልምምድ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቅ ብሎ ተቆጣጣሪዎቹ ሳያስፈልግ ማረፉን አስቀርተው ነበር። አለቃቸው ጂን ክራንዝ የፕሮግራሙን ማስጠንቀቂያ ቁጥሮች ሁሉ አጥንታችሁ ለእያንዳንዱ መልስ ጻፉ ብሎ አዘዘ። ክራንዝ ፕሮግራሙን አልጻፈም፤ ቁጥሮቹንም በቃሉ አያውቅም። ያደረገው ነገር መሣሪያው የሚናገረውን የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚመልስ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ነው። አገራችን ውስጥ የቴክኒክ አለቃ ማለት ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የበታቹም ጥያቄ ሲያቀርብ እንደ ድፍረት የሚቆጥር አይጠፋም። ይህ አሳብ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በቦይንግ ውስጥ በ2008 ዓ.ም.፣ ማለት ከሁለቱም አደጋዎች በፊት፣ አንድ መሐንዲስ ኤምካስ በአንድ ሴንሰር መበላሸት አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላልን ብሎ በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። ጽሑፉ ኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቧል። ጥያቄው ተጠየቀ፤ አውሮፕላኑ ግን በአንዱ ሴንሰር እንደ ታመነ ወደ ገበያ ወጣ። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደርም ከሁለቱ አደጋዎች መካከል ባለው ጊዜ፣ ፕሮግራሙ ካልታረመ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ውስጥ እስከ 15 ተመሳሳይ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አስልቶ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ሰዎቹም፣ መሥሪያ ቤቶቹም፣ ልክ እንደ ፕሮግራሙ፣ ቁጥሩን በሆዳቸው ይዘውታል።

ከሁለተኛው አደጋ በኋላ አውሮፕላኑ በዓለም ሁሉ ታገደ። በአሜሪካ ዳግመኛ የተፈቀደው በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ከ20 ወራት በኋላ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በጥር 2014 ዓ.ም. መልሶ አበረረው። የታረመው ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ5.5 ዲግሪ ከበለጠ ሥራውን ይተዋል። አንድ ጊዜ ከገፋም በኋላ በዚያው ምክንያት ደጋግሞ አይገፋም፤ ሴንሰሮቹ ያልተስማሙ እንደ ሆነ የሚናገረው ማስጠንቀቂያም በሁሉም ላይ ይሠራል። ማረጋገጡና መፈተሹ ረጅም ጊዜ የፈጀ ከባድ ሥራ መሆኑን አልክድም። ሁለት ቁጥር አቀናንሶ ልዩነቱን ከ5.5 ጋር ማስተያየት ግን በክበባችን የ9ኛ ክፍል ጀማሪዎች በሁለተኛው ሳምንት የሚጽፉት ነው። በ2008 ዓ.ም. የጠየቀው መሐንዲስ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።