ከፍ ማለትም ዝቅ ማለትም በሥርዓት

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፣ በዛሬው ዓምዳችን ለምናነሣው ጉዳይ ግን ቃል በቃል የሚሠራ ነው። የምንነጋገረው በባሌስትራ ወይም በብረት ሞላ ፈንታ፣ የታመቀ አየር በያዘ የጎማ ከረጢት ላይ ተደግፈው ስለሚሄዱና ቁመታቸውን እንደ መንገዱ ጠባይ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ በአራቱም ጎማዎቻቸው ስለሚጎትቱ ተሽከርካሪዎች ነው።

ይህ የጥቂት ሾፌሮች ጉዳይ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ዛሬ ባሌስትራ ባለው መኪና የሚያሽከረክር ወታደር፣ ነገ ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ በአንድ ድርጅት ሲቀጠር የዚህን ዓይነት ተሽከርካሪ መሪ ሊጨብጥ ይችላል። ከባሕር ማዶ የተመለሰ ዘመድም እንዲህ ያለ መኪና ይዞ መጥቶ በግቢያችን ሊያቆም ይችላል። መኪናው በሚቆምበት ግቢ ደግሞ ጥላ ፈልገው ከሥሩ የሚገቡ ሕፃናት አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ሾፌሩንና መካኒኩን ብቻ ሳይሆን የቤት እመቤቷንም በእኩል ይመለከታል።

አሠራሩ

ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ ሲቀርብ በብረት ሞላ ላይ የቆመ ነበር። በ1992 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚታዘዝ የአየር ትራስ ተገጠመለት፤ ከ1994 እስከ 2002 የተሠራው ሁለተኛው ትውልድም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ከቶዮታ ወገን አንዳንድ የፕራዶ ሞዴሎች በኋላ እግራቸው ብቻ የአየር ትራስ አላቸው። በ1998 ከወጣው ላንድ ክሩዘር 100 አንዳንዶቹም ቁመታቸውን ይለዋውጣሉ፤ ይሁንና ይህን የሚያደርጉት በአየር ሳይሆን በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ የአንዱን ጥገና ለሌላው ማዋል ስሕተት ነው።

የአየሩ ሥርዓት ሰባት ዋና ክፍሎች አሉት። አየሩን የሚያምቀው በኤሌትሪክ የሚሠራው ኮምፕሬሰር ነው። የታመቀው አየር እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ውስጥ ያልፍና በማጠራቀሚያ ቦምቦላ ይከማቻል። ከዚያም የቫልቮቹ ሳጥን ለየእግሩ ያከፋፍለዋል። በየእግሩ ያለው የጎማ ከረጢት ሸክሙን ይሸከማል። በየእግሩ የተገጠመ የቁመት መለኪያ ክንድም መኪናው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። ኮምፒውተሩም እንደ አዛዥ ሆኖ፣ የጎደለው እንዲሞላ፣ የተረፈው እንዲተነፍስ ትእዛዝ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ሾፌሮች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባሌስትራ ሐቀኛ ነው፤ ከልክ በላይ ሲጫን ይጎብጣል፣ መኪናውም ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ የሚያይ ሰው ሁሉ ጭነቱ መብዛቱን ያውቃል። የአየር ትራስ ግን ሸክም በጨመረ ቁጥር ግፊቱን ጨምሮ ቁመቱን እንደ ነበረ ይጠብቃል። ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ማለትም 200 ኪሎ፣ ከቤተሰቡ በላይ ቢጫንበት ከውጭ ሲታይ ባዶውን የቆመ ይመስላል። ፍሬኑ፣ ጎማውና ቸርኬው ግን ያንኑ 200 ኪሎ ይሸከማሉ፤ ቁልቁለት ላይ የሚቆመውም ያንኑ ክብደት ይዞ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መኪና ጭነትን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ሾፌሩ በኪሎ መቁጠር አለበት። ለጉዞ ዕቃ የምትሸክፈው ባለቤቱም ከባዱን ዕቃ ከጣራ ላይ ሳይሆን ከመኪናው ወለል ላይ፣ በተቻለ መጠን ወደ መካከል እንዲጫን ብታደርግ ከመካኒክ የማይተናነስ ሥራ ሠራች ማለት ነው።

መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ

ለምሳሌ የሁለተኛውን ትውልድ ሬንጅ ሮቨር እንውሰድ። ከመደበኛው ቁመት 40 ሚሊሜትር ያህል ከፍ የሚልበት የአስቸጋሪ መንገድ ደረጃ አለው። በአስፋልት ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ለጥቂት ጊዜ ሲሄድ ራሱ 25 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰዎች እንዲገቡና እንዲወጡ ደግሞ 65 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ሌሎቹ ሞዴሎች ቁጥራቸው ቢለያይም ሥርዓታቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከፍተኛው ደረጃ የተሠራው ለድንጋያማ መንገድ፣ ለጎርፍ ቦይና ለወንዝ መሻገሪያ፣ ያውም በዝግታ ለመሄድ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ ሊያድን ይችላል። ነገር ግን መኪናው ከፍ ሲል የክብደቱ ማዕከልም አብሮ ከፍ ይላል። በሊማሊሞ ዓይነት ጠመዝማዛ ላይ ቁመቱን ሳይመልስ የሚፈጥን ሾፌር፣ መኪናው በመታጠፊያው ላይ ወደ ውጭ ሲያዘነብል ያገኘዋል። በተጨማሪም መኪናው ከፍ ባለ ጊዜ ጎማው ወደ ጉድጓድ ለመውረድ የሚቀረው ቦታ ያንሳል፤ ስለዚህ አካሄዱ ይሻክራል፣ አሞርዛተሩም ይደክማል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ፍጥነት ሲጨምር ራሳቸው ዝቅ ይላሉ፤ ጥሩ ሾፌር ግን ማሽኑ እስኪያርመው አይጠብቅም። አስቸጋሪው መንገድ እንዳበቃ ቁልፉን ተጭኖ ወደ መደበኛው ይመልሳል።

መኪናው በሆዱ ድንጋይ ወይም አሸዋ ላይ ተቀምጦ ጎማዎቹ ቢንጠለጠሉ፣ ኮምፒውተሩ ይህን ተረድቶ በከረጢቶቹ ላይ ተጨማሪ አየር የሚልክባቸው ሞዴሎች አሉ። በዚህ ጊዜ መቸኮል አያስፈልግም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ነዳጅ እየረገጡ ጎማ ማሽከርከር ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ጥቅም የለውም። ሞተሩን ሳያጠፉ ታግሦ ቁመቱ እስኪጨምር መጠበቅ፣ ከዚያም በዝግታ መውጣት ይገባል። መኪናው ወደ ጎን ባዘመመበት ተዳፋት ላይ ግን ከፍ ማድረግ መገልበጥን መጋበዝ ነው።

ዝቅተኛው ደረጃ ደግሞ የክብር ደረጃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጉልበታቸው የደከመ እናት፣ ነፍሰ ጡር ባለቤት፣ ወይም ከሆስፒታል የወጣ ቁስለኛ ጓድ ሰው ሳያነሣው እንዲሳፈር ያስችላል። ይሁን እንጂ ዝቅ ከማድረግ በፊት ሾፌሩ ወርዶ ከመኪናው ሥርና ከጎኑ ያለውን ማየት አለበት። ከፍ ካለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አጠገብ በሩን ከፍቶ ዝቅ ያደረገ ሰው በሩን ሊያጣምም ይችላል፤ ከሥር ድንጋይ ካለም መኪናው በሆዱ ላይ ይቀመጣል።

ለሕይወት የሚያሰጋው ነገር

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳ የሚከተለው እንዳይረሳ አደራ እንላለን። የአየር ትራስ ያለው መኪና ቁልፉ ወጥቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ በውስጡ ማንም ሳይኖር ሊወርድ ይችላል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ኮምፒውተሩ መኪናው ከቆመ በኋላም በየጥቂት ሰዓቱ እየነቃ አራቱን እግሮች ያስተካክላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የሚያስተካክለውም ከፍ ያለውን እግር ዝቅ በማድረግ ነው። ከረጢት ቢቀደድ ወይም ቧንቧ ቢነቀል ደግሞ በአንድ አፍታ ይወርዳል። ሬንጅ ሮቨር ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። በሰውና በዚያ ክብደት መካከል ያለው አየር ብቻ ከሆነ፣ ምንም የለም ማለት ነው።

በመሆኑም ማንኛውም መካኒክ፣ ምንም ያህል ጥቂት ሥራ ቢሆንና ምንም ያህል ቢቸኩል፣ በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይግባ። ክሪክም ብቻውን አይበቃም። ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፤ ሻንሲው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ በመኪናው መመሪያ መሠረትም የአየሩ ሥርዓት ከሥራ ውጭ ይሁን። በሥራው ጊዜ ማንም ሰው ቁልፉን እንዳይጠመዝዝ ቁልፉ በመካኒኩ ኪስ ይቀመጥ።

እናቶችም ልጆቻቸውን በዚህ ረገድ ያስተምሩ። በቆላ ጦር ሰፈር የመኪና ሥር ከዛፍ ጥላ የሚመረጥበት ቀትር አለ፤ ኳስም ዘወትር የምትገባው ወደዚያው ነው። «ከመኪና ሥር ኳስ ቢገባ በእንጨት ይወጣል እንጂ በእጅ አይወጣም» የሚል ደንብ በየቤቱ ቢወጣ፣ ዋጋው ምንም፣ ጥቅሙ ግን የልጅ ሕይወት ነው። ሾፌሩም ሞተር ከማስነሣቱና ቁመት ከመለወጡ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሮ ይመልከት።

ልኩን ማስተካከል

መኪናው ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ብዙዎች በቀጥታ የመለኪያውን ክንድ መፍታት ይጀምራሉ። ሥርዓቱ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ ጭነቱ ይወርዳል፤ የጎማው አየር በልኩ ይሞላል፤ ቁመቱም መደበኛው ደረጃ ላይ ይደረጋል። ከዚያም በሜትር ከቸርኬው መካከል ቀጥ ብሎ እስከ ጭቃ መከላከያው ቅስት ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም እግሮች ተለክቶ ይመዘገባል። ከመሬት የማይለካበት ምክንያት የጎማው መተንፈስ ልኩን እንዳያሳስት ነው። ግራና ቀኙ እኩል መሆን፣ ቁጥሩም ከመኪናው መመሪያ ጋር መስማማት አለበት። ልዩነት ቢገኝ በቅድሚያ የክንዱ ማያያዣ የታጠፈ ወይም የተበላ መሆኑ ይታያል፤ ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ብቻ ትክክለኛው ልክ በምርመራ መሣሪያ ለኮምፒውተሩ ይነገረዋል።

አንዳንድ ሰዎች የክንዱን ማያያዣ በሌላ ልክ በመለወጥ ኮምፒውተሩን አታለው መኪናው ሁልጊዜ ከፍ ብሎ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ለጊዜው ግርማ ይሰጣል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ በፍጥነት ጊዜ ዝቅ አደርጋለሁ ሲል በእርግጥ ከፍ እንዳለ ነው፤ የመኪናው የአነዳድ ሚዛን ይለወጣል፤ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሱት መገጣጠሚያዎችም ባልተሠሩበት ማእዘን እየሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። ለታዛዥ የሐሰት ሪፖርት የሚያቀርብ፣ የሚያገኘው ትእዛዝ ትክክል እንዲሆን ሊጠብቅ አይችልም።

ደጋና ቆላ

አገራችን ለዚህ መሣሪያ ፈተና ናት። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ መኪናው በአዲስ አበባ ከፍ ለማለት በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ከሚፈጅበት የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ይህ ብልሽት አይደለም።

እንዲሁም ቀን በ30 ዲግሪ ሙቀት የታመቀ አየር ሌሊት ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ ግፊቱ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ያደረ መኪና ጠዋት አራቱም እግሮቹ በእኩል ጥቂት ዝቅ ብለው ቢገኙ ሊያስደነግጥ አይገባም። አንዱ ጥግ ብቻ ወርዶ ከተገኘ ግን አየር እያመለጠ ነው። ማታና ጠዋት በሜትር ለክቶ በወረቀት መያዝ የትኛው እግር እንደሆነ ይነግራል፤ የሳሙና ውኃ አረፋም ቀዳዳውን ያሳያል። ከረጢቱ በሙቀትና በአቧራ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው በሚታጠፍበት ቦታ ስለሆነ፣ ጭቃው ታጥቦ ያ ቦታ በየጊዜው ይታይ።

ቀዳዳ ሳይደፈን ኮምፕሬሰር መለወጥ የተቀደደ እንስራ ይዞ ወንዝ መመላለስ ነው። አየር በሚያመልጥበት ሥርዓት ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አዲሱም በጥቂት ጊዜ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። ማድረቂያው ከረጠበም እርጥበቱ ወደ ቫልቮቹ ገብቶ ያበላሻቸዋል። መንገድ ላይ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅና መኪናው በጎማ ማረፊያዎቹ ላይ ቢቀመጥ፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ፣ ከጉድጓድ እየራቁ እስከ ቅርብ ጋራዥ መድረስ ይሻላል።

የምርመራ መሣሪያና መለዋወጫ በማይገኝበት ሩቅ ቦታ የሚሠራ ሰው የአየሩን ትራስ አውጥቶ በብረት ሞላ ቢተካ አንነቅፈውም። ቁመት መለዋወጡን ያጣል፤ በምትኩ ግን በማንኛውም መካኒክ እጅ የሚጠገን መኪና ያገኛል። የሚነቀፈው አየሩን ይዞ እንክብካቤውን የሚነፍግ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ዓምድ እስክንገናኝ፣ ሾፌሮች ዛሬ ማታ የየመኪናቸውን አራት እግሮች ለክተው እንዲያድሩ፣ የቤት እመቤቶችም ስለ ኳሱ የተባለውን ደንብ ለልጆቻቸው ከእራት በፊት እንዲነግሩ አደራ እንላለን።