ጀልባ ላይ የሚያስመልሰው ሰው ፈሪ አይደለም

ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ባሕር ጠልቀው የመጡት ጥቂት አይደሉም። ቅዳሜና እሑድን ከዱባይ ወደ ፉጄራ የሚነዱ አሉ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወርደው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከዌል ሻርክ ጋር የዋኙ አሉ። ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ የከረሙም አሉ። ፎቷቸውን ሁላችንም አይተን ላይክ አድርገናል። ፎቶው ላይ የማይወጣው የጀልባውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ቁርሱን ለባሕር የሚያስረክበው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፎቶውን የለጠፈው ራሱ ነው።

የምጽፈው ለመሳቅ አይደለም። ሽርሽር በወጣ ሰው ላይ ሲደርስ ማጥወልወል ቀን ያበላሻል፤ በቃ። ጀርባው ላይ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ 18 ሜትር ሊወርድ በተዘጋጀ ሰው ላይ ሲደርስ ግን የነፍስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ ጠላቂዎቹም፣ የጀልባ ሠራተኞቹም፣ አብረን የሄድን ጓደኞችም ነገሩን እንደ ወኔ ጉድለት ማየታችን ነው። «አንተ ደግሞ! ገና ሳንነሳ?» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ሰውዬውም ደህና ነኝ ብሎ ፊቱ አመድ መስሎ ፊኑን ያጠልቃል።

መለኪያው ወኔ ቢሆን ኖሮ የእንግሊዙ አድሚራል ሆራሺዮ ኔልሰን ባልታመመ ነበር። በልጅነቱ መርከብ ላይ ወጥቶ፣ የአንድ ዓይኑን ብርሃንና ቀኝ ክንዱን በጦርነት ያጣ ሰው፣ ነፋስ በበረታ ቁጥር ባሕር እንደሚያመው በደብዳቤው ጽፏል። ቻርልስ ዳርዊንም ከ1831 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. በቢግል መርከብ ዓለምን ሲዞር ሆዱ ከሞገድ ጋር አልታረቀም። ከአምስቱ ዓመት አብዛኛውን ያሳለፈው የብስ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የ11ዱ ሰዎች ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ናሳ፣ ጠፈር ላይ የሰው አካል ምን እንደሚሆን ለማጥናት፣ ዋሽንግተን ከሚገኘው መስማት የተሳናቸው ከሚማሩበት የጋሎዴት ኮሌጅ 11 ወንዶችን መለመሉ። ከአንዱ በቀር ሁሉም በልጅነታቸው ማጅራት ገትር ይዟቸው የውስጠኛው ጆሯቸው የሚዛን ክፍል ተጎድቶ ነበር። ከሙከራዎቹ አንዱ የካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ አካባቢ በተናወጠ ባሕር ላይ መጓዝ ነበር። ሰዎቹ ዘና ብለው ካርታ ይጫወታሉ፤ ሊያጠኗቸው የተሳፈሩት ተመራማሪዎች ግን ራሳቸው በባሕር ሕመም ወድቀው ሙከራው ተቋረጠ።

ነገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ልብ ውስጥ አይደለም። የውስጠኛው ጆሮ «እየተናወጥን ነው» ይላል። ዓይን የጀልባውን ግድግዳ ወይም የስልኩን ስክሪን እያየ «የለም፣ ቁጭ ብለናል» ይላል። አእምሮ የሁለቱን ጭቅጭቅ መፍታት ሲያቅተው ፍርዱን ሆድ ላይ ይጥላል። በጣም ክፉው እንቅስቃሴ ደግሞ ትልቁ ማዕበል አይደለም። በአምስት ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዝግ ያለ መወዛወዝ ነው፤ መልሕቅ ጥላ የቆመች የጠላቂዎች ጀልባ በደንብ የምታውቀው ዓይነት።

ይህን ሕመም ሐበሻ ከባሕር ርቆም ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ያቋረጠ ሰው ሎሚውንም ፌስታሉንም ያውቃል። ጋቢና የተቀመጠ እንደማይታመም፣ ኋላ ወንበር ላይ ያለው እንደሚሠቃይም ያውቃል። ጋቢና ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ ዓይኑና ጆሮው አንድ ወሬ ነው የሚያወሩት። መስኮት ክፈቱ ሲባል ግን «ብርድ ይመታናል» ብሎ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይነሳል። ይኸው ጠባያችን ባሕር ድረስ ይከተለናል። ጀልባዋ ከወደብ ስትወጣ ሐበሻው ሁሉ ተሰብስቦ ከውስጥ፣ ኤሲ ያለበት ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ይተኛል። ስልኩንም ያወጣል። ከዚህ የባሰ ቦታ ጀልባዋ ላይ የለም።

ጥሩው ቦታ ውጭ ነው፤ ከጀልባዋ ርዝመት መሐል፣ ዝቅ ብሎ። ፎቅ ላይ እይታው ቢያምርም ውዝዋዜው ይብሳል። ዓይን አድማሱ ላይ ይሁን። የኋለኛው ክፍል የናፍጣ ጭስ ይሸታል፤ ችግሩ ደግሞ ሲሊንደሩ የሚገጠመው፣ ልብሱ የሚለበሰው እዚያው ኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕቃችሁን ጀልባዋ ወደቡ ላይ ቆማ ሳለች ገጣጥሙ። መዳረሻው ላይ ደርሳችሁ፣ እየተናወጣችሁ፣ አጎንብሳችሁ የክብደት ቀበቶ ስትፈልጉ ነው ሁሉም ነገር የሚገለበጠው። ሆድን በተመለከተ ባዶውም በቅባት የተሞላውም ጥሩ አይደለም። ደረቅ ዳቦ ያለ ነገር በቂ ነው። ከዋዜማው ማታ መጠጥ ጋር ግን ሞገድ አይደራደርም። ዝንጅብል ጥናቶቹ አንድ ቃል ባይሆኑም ጉዳት የለውም፤ እጅ ላይ የሚታሰረው ጎማ ላይ ግን እኔ ገንዘቤን አላወጣም።

አሁን ወደ ክኒኑ ልምጣ፤ ትልቁ ስሕተት እዚህ ነውና። አንድ ጊዜ ቀይ ባሕር ላይ የተሳፈርኩባት ጀልባ ሠራተኛ ክኒን ይዞ ሲዞር ያየሁት ግማሹ ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ደግነቱን አልጠላሁም፤ ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። ማቅለሽለሽ ከጀመረ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፣ የተዋጠው ክኒን ወይ አይሠራም ወይ ተመልሶ ይወጣል። ዳይመንሃይድሪኔት፣ መክሊዚን፣ ሲናሪዚን የሚባሉት ሁሉ መዋጥ ያለባቸው ቢያንስ ከጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ነው። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ደግሞ ቢያንስ ከአራት ሰዓት በፊት ይለጠፋል፣ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል። አፍ ያደርቃል፣ እይታ ያደበዝዛል። ከለጠፋችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን ብትነኩ ብሌናችሁ ይሰፋል። ግላኮማ ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይሞከርም።

ለጠላቂ ከዚህ የሚከብደው እንቅልፉ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ መድኃኒቶች ያደነዝዛሉ። ፕሮሜታዚንማ ጭራሽ ያስተኛል። ጥልቀት ሲጨምር ናይትሮጅን ራሱ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ በክኒን ላይ ሲደመር ሰውዬው የአየር መለኪያውን እያየ የማያነብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወስዱትን መድኃኒት ጀልባ ላይ አትሞክሩት። ቤታችሁ፣ መኪና በማትነዱበት የዕረፍት ቀን ውጡትና ምን እንደሚያደርጋችሁ እዩ። ካፈዘዛችሁ ሌላ ዓይነት እንዲሰጣችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ መጥለቅ እንደምትፈልጉም ንገሩት።

ጀልባ ላይ በጣም የሚነገረው ምክር «ዝም ብለህ ግባ፣ ውኃ ውስጥ ይለቅሃል» የሚለው ነው። ግማሽ እውነት አለው። ሞገዱ የሚበረታው ገጹ ላይ ስለሆነ ጥቂት ሜትር ሲወርዱ ብዙ ሰው ይሻለዋል። በመጠኑ ያጥወለወለው፣ አእምሮው ንቁ የሆነ ሰው ቀድሞ ቢገባ እኔም አልቃወምም። የቀረው ግማሽ ግን አይነገርም። ጥልቀቱ ትንሽ በሆነበት ሪፍ ላይ ሞገዱ ታች ድረስ ወዲያ ወዲህ ይወዘውዛል። ወለል በማይታይበት ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ደግሞ ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል። ተጠልቆ ሲያበቃም 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም አለ፤ እዚያ ቦታ የጀልባዋን ገመድ የያዘ ሰው ከጀልባዋ ጋር ይዘላል። ከዚያም ገጹ ላይ ወጥቶ መሰላል መጠበቅ አለ። ማለትም የለቀቀው ነገር በጣም በማይመች ሰዓት ይመለሳል።

ውኃ ውስጥ ካስመለሳችሁ መተንፈሻውን ከአፋችሁ አታውጡ። በሬጉሌተሩ ውስጥ ማስመለስ ይቻላል፣ ያልፋል፤ እጃችሁን ይዛችሁት፣ የፊቱን ቁልፍ ተጭናችሁ ታጸዱታላችሁ። ከተደፈነ ወደ ትርፉ መተንፈሻ ትቀይራላችሁ። አደጋው ያለው አጸፋው ላይ ነው፤ ሰው ካስመለሰ በኋላ ሳያስበው በረጅሙ አየር ይስባል። አፉ ባዶ ከሆነ የሚስበው ባሕር ነው። ይህን በሥልጠና ወቅት አስተማሪው ካላነሳው እናንተ አንሱት፤ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ደጋግሞ ያስመለሰ ሰውስ? አይግባ። ፈሳሹ አልቋል፣ ጉልበቱ አልቋል፤ የሰውነት ድርቀት ከጥልቀት ሲወጡ የሚከሰተውን የዲኮምፕሬሽን ሕመም ዕድል ሳይጨምር አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ደግሞም መሪው ያመመው ሰው ሁሉ ባሕር ያመመው ነው ብሎ መደምደም የለበትም። ሲሊንደሩ ውስጥ የገባ የተበከለ አየርም ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያማል። ማንኛውም ጠላቂ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጥ «ዛሬ አልገባም» የማለት መብት አለው የሚለው ደንብ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ነው። ጀልባ ላይ ግን ገንዘቡ አይመለስም፣ ጓደኞች ይስቃሉ፣ መሪው ሰዓቱን ያያል፤ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የሦስት ወር ቁጠባውን ለአንድ ቀን የከፈለ ልጅ እንዴት ብሎ ነው «ይቅርብኝ» የሚለው? ለዚህ ነው ኃላፊነቱ በመጀመሪያ የአዘጋጁ ነው የምለው። ጫማ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው «ጉዞ ያምሃል?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። ያላጠለቀውን ሰው በሌላ ቀን ማስገባትም አያከስረውም።

ሆዳችሁን የምታውቁ ሰዎች ደግሞ ጀልባ ግዴታ አይደለም። ሲና ላይ ዳሃብ የታወቀችው ከባሕር ዳርቻ በእግር ገብተው በሚጠልቁባቸው ቦታዎቿ ነው፤ ብሉ ሆልም ካንየንም እንደዚያው። እስራኤል ላላችሁት ኤይላት ከዳር የሚገባበት ኮራል አላት። ጅቡቲ ላይ ዌል ሻርክ ለማየት የምትሄዱ ግን በጀልባ ነው፤ አብዛኛው ሰው እዚያ የሚዋኘው በስኖርክል ገጹ ላይ ስለሆነም ውዝዋዜው ከጠላቂው ይልቅ እናንተን ያገኛችኋል። ክኒኑን ቁርስ ሳትበሉ በፊት፣ ሆቴል ውስጥ ዋጡት።